በፋሲካ ማግሥት የተሰጠ ናሙና

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ይህን የምጽፈው ባለፈው ወር እዚሁ ቱሉ ዲምቱ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አስቁማኝ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ «እትዬ ወይንሸት፣ የት ነው የታከሙት?» ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። የተሰረቀ ዕቃ የምትገዛ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ መጠየቋ አናደደኝ። ለእሷ የነገርኳትን ለሌሎችም ልናገር ብዬ ተነሣሁ። የክሊኒክ ስም አልጠራም። የሰው ስም ግን እጠራለሁ።

ስታከም አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አርባ ሰባት ሆኖኛል። ካገባሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው፣ ሐኪምም ጭምር፣ ባለቤቴ ታምራት ይመርመር ብሎ አያውቅም። እኔ ግን ያልተደረግኩት የለም። ሁለት ጊዜ «ማሕፀንሽ ይጠረግ» ተብዬ ተጠርጌአለሁ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አንዱ ክሊኒክ ሆርሞን ነው አለኝ፣ ሌላው ኢንፌክሽን፣ ሦስተኛው ጭንቀት። እንቁላል ያበስላል የተባለ ክኒን ያለ ምንም ክትትል ግማሽ ዓመት ውጬ ሰውነቴ አብጦ ቀረ። ጸበልም ተመላልሻለሁ። በእሱ አልጸጸትም፤ ቢያንስ እዚያ የሰደበኝ አልነበረም።

የሰደቡኝ እትዬ አስካለ ናቸው፣ የታምራት ታላቅ እህት። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ታምራትን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ግቢ አላቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ እስኪደርሰን ድረስ እኛም እዚያው አንዲት ክፍል ውስጥ ኖረናል። በመጀመሪያው ዓመት «ምነው ዘገየሽ?» አሉኝ። በአምስተኛው «የወንድሜን ቤት ዘጋሽው» አሉኝ። በአሥረኛው ዓመት አንድ ዘመድ ቤት ክርስትና ላይ ሕፃኑን ታቅፌ ሳለ መጡና ከእጄ ወስደው ለሌላ ሴት ሰጡት። «ለወለደ ሰው ስጡት፤ የወለደ ነው አያያዙን የሚያውቀው» አሉ። ሰው ሳቀ። ታምራትም እዚያው ነበር። ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ቀረ እንጂ ቀና አላለም።

ይህን አልረሳሁም። ልርሳውም ብዬ አልሞከርኩም።

አይቪኤፍ የሚባል ሕክምና አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሩን የሰማሁት በምሠራበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከአንዲት ባልደረባዬ ነው። የሴቷ እንቁላል በመርፌ ተቀድቶ ይወጣል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር ይገናኛል፤ የተፈጠረው ፅንስ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ማሕፀኗ ይመለሳል። ያጠራቀምነው ገንዘብ ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነበር። ዕድሜዬም ቢሆን ለሁለተኛ የሚተርፍ አልነበረም። አንድ ዕድል ነበረን።

መጀመሪያ የሄድነው ለቤታችን ይቀርባል ብለን ቃሊቲ ወዳለ ክሊኒክ ነው። እዚያ የነበረው ሐኪም፣ እውነት ለመናገር፣ ባልሽም ይመርመር ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ነርሷ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ሰጠችን፦ ናሙና ከመስጠቱ በፊት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከግንኙነት ይቆጠብ ይላል።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ታምራት ጾም የሚያጠብቅ ሰው ነው፤ ዐቢይ ጾምን ከሥጋና ከወተት ብቻ ሳይሆን ከመኝታም ይጾማል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና፣ «ሦስት ቀን ደህና ነው ካሉ ሃምሳ አምስት ቀንማ እንዴት አይሻልም? ጾሙን ልጨርስና በማግሥቱ ልስጥ» አለኝ። እኔም ትክክል መሰለኝ። የተጠራቀመ ነገር ይበረክታል፣ በጾም የተጠበቀ ደግሞ ይባረካል ብለን ሁለታችንም አመንን። ከታዘዘው በላይ የቤት ሥራ እንደ ሠራ ተማሪ ኮርተን በፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ናሙናውን ሰጠን።

ውጤቱን ረቡዕ ዕለት ብቻዬን ተቀበልኩ፤ ታምራት ፋብሪካ ነበር። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «አብዛኛው ሞቷል። የቀረውም እምብዛም አይንቀሳቀስም። በዚህ አይቪኤፍም የሚሆን አይመስለኝም። ውጭ አገር ሞክሩ፣ አለዚያ ማደጎ አስቡ» አለኝ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ስቆም የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ደስታ ነበር። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ሆኗል። አሥራ ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወርዶ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ ያ ሌላ ሰው ባለቤቴ መሆኑን አላሰብኩትም።

የፋሲካ ሰሞን ስለነበር የዚያን ዕለት እትዬ አስካለ ዘንድ ተጠርተናል። ታምራትም ከሥራ በቀጥታ ወደዚያው ነበር የሚመጣው። ቀድሜው ደረስኩ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ቁጭ እንኳ ሳልል ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«እትዬ አስካለ፣ መካኗ ማን እንደሆነች ሲናገሩ ኖረዋል» አልኳቸው። «ይኸው ማኅተም ያለበት ማስረጃ።» ጮክ ብዬ አነበብኩት። እያንዳንዱን መስመር።

ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ ወደ በሩ ያያሉ። ዞር ስል ታምራት የሥራ ቦርሳውን እንዳነገተ ቆሟል። ስንቱን እንደሰማ አላውቅም።

«ጨረስሽ?» አለኝ። ከዚያ ሄደ።

ታምራት የሚጮህ ሰው አይደለም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሳሎን መተኛት ጀመረ። ፈረቃውን ወደ ማታ አዛወረና እኔ ከሥራ ስገባ እሱ ይወጣል፤ በር ላይ እንተላለፋለን። ባልደረባዬ መሃል ከተማ ልጅ መውለድ ያቃታቸውን ብቻ የሚያክም ሌላ ክሊኒክ እንዳለ ነገረችኝ። ለታምራት ስነግረው «ለምን? ተፈርዷል። አንቺም በአዋጅ አስነግረሻል» አለኝ። አንድ ወር ተኩል እንዲህ አለፈ። ያለ እሱ ሕክምና የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል በሰው ፊት ተናግሬ፣ በዚያው ቃል ልጄን እንዳትመጣ ከልክያት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ናቸው። አራት ፎቅ ወጥተው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት። ገብተው ተቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጉልበታቸውን አሹ። ውሃ ባቀርብ በእጃቸው መለሱት።

«ታሜ፣ ና እዚህ ቁጭ በል።»

«እትዬ፣ ሌሊቱን ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ደክሞኛል።»

«የደከመኝስ እኔ ነኝ! ይኼን ገደል የመሰለ ደረጃ ወጥቼ። ና አልኩህ።» መጥቶ ተቀመጠ። «ይቺን ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ስሰድባት አጠገቧ ተቀምጠህ ሰምተሃል። አንድ ቀን ‹ተይ› ብለኸኛል?»

ታምራት እንደ ክርስትናው ቀን አቀረቀረ።

«አላልከኝም። እሷ ተሰድባ በማግሥቱ ቢሮዋ ትገባለች፤ ወጥ ትሠራልሃለች። አንተ ግን አንድ ቀን ብትነካ ወር ተኩል አኮረፍክ። እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም የሠራሽው ሥራ ደግ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

«ማወቅሽ ጥሩ ነው። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ይዘሽው ሂጂ። አልሄድም ካለ ደውዪልኝ፣ ተመልሼ እወጣለሁ።»

ይቅርታ አላሉኝም። እኔም አልጠበቅኩም። ነገር ግን ያን ቀን ባይመጡ ኖሮ ልጄ የለችም፤ እውነት ስለሆነ ብቻ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ ሄድን። መሃል ከተማ ስንደርስ መጀመሪያ የገባንበት ክሊኒክ ግድግዳው በሕፃናት ፎቶ ተሞልቷል። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ «እኛ ጋ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ የለም» አለችን። በእኔ ዕድሜ ካሉ አሥር ሴቶች ስንቱ እንደሚሳካላቸው ስጠይቃት «እሱን ዶክተሩ ነው የሚያውቀው» አለች፤ ዶክተሩን ለማየት ደግሞ መጀመሪያ ቅድሚያ ክፍያ። ታምራት ክርኔን ነካ አደረገኝና ወጣን። ከወር ተኩል በኋላ በአንድ ሐሳብ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነበር።

ሁለተኛው፣ ባልደረባዬ የነገረችኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ ማንም የማንንም ዓይን ማየት አይፈልግም። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ዶክተሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። የቃሊቲውን ወረቀት አየችና ብዕሯን አንሥታ ታምራትን ጠየቀችው፦

«ናሙናውን የሰጡት ስንት ቀን ተቆጥበው ነው?»

ታምራት ሴት ፊት መሆኑ አሳፍሮት ወደ መስኮቱ ዞረ። ስለዚህ እኔ መለስኩ። «ሃምሳ አምስት።»

«አምስት?»

«ሃምሳ አምስት። ጾም ነበር።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልቻለችም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ» አለችው። «እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ይመጡልኛል።» ከዚያ አስረዳችን። የወንድ ዘር እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አይቆይም፤ ብዙ ቀን ከቆየ ያረጃል፣ ይሞታል። ከሳምንት በላይ መቆየት የለበትም። በአንድ ምርመራ ብቻም ማንም ላይ አይፈረድም፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት።

አራት ቀን ተቆጥቦ እንደገና ሰጠ። ውጤቱ ደህና ነበር። ዶክተሯ ወረቀቱን ስታነብ ታምራትን አየሁት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ሙሉ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ያነበብኩት ነገር እውነት እንኳ አልነበረም።

«እንግዲህ እርስዎን እንይ» አለችኝ ዶክተሯ።

ማሕፀን ውስጥ ቀለም ተረጭቶ የሚነሣ ራጅ አለ፤ እንቁላሉ የሚጓዝባቸው ሁለቱ ቱቦዎች ክፍት መሆናቸውን ያሳያል። ያማል፤ አያምም ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ። የእኔ ሁለቱም ተዘግተው ፈሳሽ ቋጥረው ተገኙ። ዶክተሯ ሆዴ ላይ ያለውን የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ጠየቀችኝ።

«የትርፍ አንጀት ነው። ባገባሁ በዓመቱ።»

«ሳይፈነዳ ነው የደረሱት?»

«ፈንድቶ ነው።»

«ሆስፒታል የገቡት ከታመሙ በስንተኛው ቀን ነው?»

«በአራተኛው።» ያን ጊዜ ታምራት ለሥራ ድሬዳዋ ነበር። እኔ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ እያቃሰትኩ ነበር። እሳቸው «አዲስ ሙሽራን ሆድ ቢቆርጣት ምን ይገርማል?» ብለው አብሽ በጥብጠው ያጠጡኝ ነበር። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ስል «ትንሽ ታገሺ» ይሉኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ራሴን ስስት ጎረቤት ነው ታክሲ የጠራው።

ዶክተሯ በጥንቃቄ ተናገረች፤ ሐኪም መፍረድ አይወድም። ሲፈነዳ የወጣው መግል ቱቦዎቹን አጣብቋቸው ሊሆን እንደሚችል፣ ቶሎ ቢታከም ኖሮ ምናልባት እንዲህ ላይሆን ይችል እንደነበር ነገረችን።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ታምራት «ለእትዬ እንንገራቸው?» አለኝ። ፈቃዱን እየሰጠኝ እንደነበር ገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግኩት ማስረጃ እጄ ገብቶ ነበር፤ ያውም ይኼኛው እውነት ነው። ግን የፊተኛውን ወረቀት ባነበብኩበት ቀን የታምራት ፊት ምን ይመስል እንደነበር አይቻለሁ። «አሁን አይደለም» አልኩት።

ዝግጅቱ ወራት ፈጀ። ፈሳሽ የቋጠሩት ቱቦዎች ፅንሱን ያበላሹታል ስለተባለ መጀመሪያ በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ሁለቱም ተቆርጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ በተፈጥሮ መንገድ ማርገዝ ጨርሶ አይቻልም፤ ይህን አውቄ እንድፈርም የተሰጠኝን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በእርስዎ ዕድሜ ከሚሞክሩት የሚበዙት በመጀመሪያው አይሳካላቸውም» አለችኝ ዶክተሯ። «ይህን ሰምተው ከቀጠሉ እንቀጥላለን።» ባዶ እጁን የተመለሰ የለም ከምትለዋ ይልቅ ይህችን ያመንኳት ለዚህ ነው። ፈረምኩ።

ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚንና፣ ደሜ ሲመረመር የእንቅርት ሆርሞኔ ስላነሰ፣ የእንቅርት ክኒን ጀመርኩ። መርፌው የሚጀመርበት ጊዜ የገና ጾም ላይ ዋለ፤ ዶክተሯ እንቁላልና ወተት እንዳልተው አዘዘችኝ። ልቤ አልቀበል አለኝና የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተውኝ «ሐኪሟ ያለችሽን አድርጊ። ጾሙ በዓመቱ ይመለሳል» አሉኝና ባረኩኝ። አሜን ብዬ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን ታምራትም ያኔ ፋሲካን ከመጠበቁ በፊት ቢጠይቃቸው ኖሮ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

እንቁላሎቹን የሚያሳድገው መርፌ ለአሥራ አንድ ቀን በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆድ ላይ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። የእኛ ብሎክ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ዘይነባ የምትባል የስልጤ ልጅ አለች፤ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር አላት። የስኳር መድኃኒት ነው ብዬ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ለመውሰድ ስወርድ፣ «እትዬ ወይንሸት፣ እናቴ የስኳር መርፌ ትወጋለች። ይሄ እሱ አይደለም» አለችኝ። ደነገጥኩ። «አልጠይቅዎትም» አለች ቶሎ ብላ። «እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። ከእርጎው ኋላ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ባሌን ‹እጅህ እንዳይደርስበት› ብዬዋለሁ። ጄኔሬተሩንም እሁድ እሁድ አላጠፋውም።» አላህ ይስጥሽ አልኳት። እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።

መርፌውን የሚወጋኝ ታምራት ነበር፤ ፈረቃውን ወደ ቀን መልሶት ነበር። ብሎን ሲያላላና ሲያጠብቅ የኖረ እጅ ነው፤ ነርሷ ብርቱካን ላይ አለማመደችው። የመጀመሪያው ቀን ሆዴን በጥጥ እያበሰ ሳለ ያስጨነቀኝ ነገር ወጣ። «ታምራት፣ ያን ቀን ወረቀቱን ሳነብ…»

«አትነቃነቂ፣ መርፌ ይዣለሁ» አለኝ። ወጋኝ። ከዚያ ቀዳዳዋን በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። «እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም» አለ። ሌላ ስለዚያ ነገር አልተነጋገርንም።

በየሁለት ቀኑ ለአልትራሳውንድ ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ እንሳፈራለን። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሴቶቹን መልመድ ጀመርኩ። አንዷ ከቂሊንጦ ፋብሪካ ከፈረቃ በቀጥታ የምትመጣ ልጅ ነበረች፤ አንድ ቀን «ተራዬን ይውሰዱ፣ የእርስዎ መንገድ ይርቃል» አለችኝ። የእሷ ቢያንስ እንደ እኔ ይርቃል። እንዲህ ያለ ደግነት ለምጄ ስለማላውቅ አመስግኛት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። አሁን አመሰግናታለሁ።

ስድስት እንቁላል ወጣልኝ። አራቱ ፅንስ ሆኑ። አምስተኛው ቀን ላይ የደረሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ገቡልኝ። ከዚያ እስከ ደም ምርመራው ያሉት ቀናት ከመርፌውም ከቀዶ ሕክምናውም ይከፋሉ። ሽንት ቤት ለመሄድ እፈራ ነበር፤ ደም አያለሁ ብዬ። በቀጠሮው ቀን ደም ሰጥተን ቢሮ ገባሁ። ስልኬ ሲጮህ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል መሃል ነበርኩ። ነርሷ ስሜን አረጋግጣ «እንኳን ደስ አለዎት» አለች። መደርደሪያውን ይዤ ቆምኩ። ይዟል፤ በኋላ በአልትራሳውንድ እንደታየው ከሁለቱ አንዷ ናት።

ይህን የምታነቡ ሴቶች፣ ባላችሁ ሳይመረመር ሰውነታችሁን ለማንም ክኒንና ጠረጋ አትስጡ። ሐኪም ሳይጠይቃችሁ ከፈረደባችሁ ወደሚጠይቃችሁ ሂዱ። የታዘዛችሁትን ልክ እንደታዘዘው አድርጉ፤ ከዚያ በላይ ማድረግ ጽድቅ ቢመስልም ሕክምና አይደለም። ላልተሳካላችሁ የምለው ቃል የለኝም። ከቂሊንጦዋ ልጅ ጋር የደም ምርመራችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር፤ ለእኔ ሲይዝ ለእሷ አልያዘም። ይህን ሳላስብ ተደስቼ አላውቅም።

ልጄ በነሐሴ በቀዶ ሕክምና ተወለደች። እትዬ አስካለ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጡ። ታምራት ዕቃ ሊገዛ ወርዶ ነበርና ብቻችንን ነበርን፤ ልጅቷ ጡት ላይ ናት። ብዙ ካዩዋት በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ታሜ ደህና ከነበረ፣ ያን ሁሉ ዓመት ምን ሆኖ ነው የዘገየው? ሐኪሞቹ ምን አሉ?»

ለዚህ ጥያቄ በልቤ ያላዘጋጀሁት መልስ አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ቢላዋ የሚቆርጡ ነበሩ። ሲደርስ አንዱንም አላነሣሁም።

«ትርፍ አንጀቴ የፈነዳ ጊዜ መግሉ ቱቦዎቼን ዘግቷቸው ሊሆን ይችላል አሉ» አልኳቸው። «ቶሎ ብደርስ ምናልባት ይተርፉ ነበር።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ያ ሳምንት ቀስ ብሎ ሲመለስ አየሁት።

«ሦስት ቀን ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

«አራት ነው እትዬ።»

 የሶፋውን ጠርዝ ይዘው ሊነሡ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እንደገና ሞከሩ። ልጅቷ ጠግባ ጡቱን ለቀቀች። ትከሻዬ ላይ አድርጌ አገሳኋት። ከዚያ ተነሥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኳት።

«ይቀመጡ» አልኳቸው። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እስክበላ ይያዙልኝ።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ምሳዬን ቀስ ብዬ በላሁ። በሩን ግን አልዘጋሁትም።